ፒፓም እንደ ምጣድ ይሟሻልን?

አዲስ ምጣድ ከገበያ ገዝታ በዚያው ዕለት ሊጥ የምታፈስበት ሴት ያለች አይመስለኝም። ምጣድ አስቀድሞ ይሟሻል። እሳት ላይ ተጥዶ በሚገባ ሲግል የተፈጨ ጎመን ዘር ይነሰነስበታል፤ ጢሱ ቤቱን እስኪያጥነው ድረስ በማሰሻ ጨርቅ ይታሻል፤ ከዚያም ይበርዳል፤ እንደገና ይጣዳል። ቀይ የነበረው ሸክላ እየጠቆረ፣ ሸካራ የነበረው እየለሰለሰ ይሄዳል። ከዘሩ የሚወጣው ቅባት በሙቀቱ ኃይል ተለውጦ በሸክላው ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ጠንካራ ሽፋን ሆኖ ስለሚቀር ከዚያ ወዲያ እንጀራው ሳይዝ ይነሣል። በኤሌክትሪክ ምጣድም ቢሆን ነገሩ ያው ነው፤ እሳቱ በሽቦ ተተካ እንጂ ሊጡ የሚያርፈው ሸክላ ላይ ነው።

ጀበናም እንዲሁ ነው። አተላ ደጋግሞ ያልፈላበት አዲስ ጀበና ቡናውን አፈር አፈር ያሰኘዋል። የጠላ እንስራ በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። የወተት ዕቃም የወይራ ጢስ ካልገባው ወተቱ ያን የለመድነውን ጣዕም አያገኝም። እንግዲህ ልብ ብለን ካየነው ይህ ሁሉ ሥራ የሚሠራው በዕቃው ውስጥ ነው። የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ እኅቶቻችን ዕቃውን አበጅተው፣ አለስልሰውና ተኩሰው ያስረክቡናል፤ ውስጡን ለአፍ ማብቃት ግን የገዢዋ ፈንታ ነው። ከእናቶቻችን የተማርነው ይህ ሙያ በየትኛውም የምስክር ወረቀት ላይ አይጻፍም።

ስለ ትምባሆ ፒፓ ልጽፍ ተነሥቼ ስለ ምጣድ ማውራቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ፒፓ የጠየቁኝ ሰው ነገሩን ያነሡት እኔ ምጣድ ሳሟሽ አይተው ነውና።

የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። ዕድሜያቸውን በእንጨት ሥራ ያሳለፉ፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ መሮና ሞረዳቸውን ያልጣሉ ሽማግሌ ናቸው። ከእኛ ጋር ነው የሚኖሩት። ከግቢያችን በስተጀርባ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል አለቻቸው፤ በውስጧ ሞርሳ የተገጠመለት ጠረጴዛ፣ በግድግዳው ላይ በየመጠኑ የተሰቀለ መሣሪያ፣ በጥግ የተከመረ ቁራጭ እንጨት አለ። ፒፓ ያጨሳሉ። ለብዙ ዓመታት ይዘዋት የነበረች የውጭ አገር ፒፓ ባለፈው ክረምት ስትሰነጠቅባቸው ሌላ ከመግዛት ራሳቸው ከወይራ ጉቶ ሊሠሩ ተነሡ። ውጭውን አሳምረው ከጠረቡ በኋላ ግን ውስጡ አሳሰባቸው።

«አንቺ ልጅ» አሉኝ አንድ እሑድ፣ ከማጀቱ ደጃፍ ቆመው፤ «ይህ ጎመን ዘርሽ ለእኔስ እንጨት አይሆነውም?»

«ጋሼ፣ ምን ሊሠሩበት ነው?»

«እሳት ይገባበታል። እሳት የሚገባበት ዕቃ ደግሞ ይሟሻል ብላችሁ የምታስተምሩን እናንተ አይደላችሁም?»

ማጨሳቸውን አልወደውም፤ ይህንንም ያውቃሉ። ይሁን እንጂ ጥያቄው የባለሙያ ጥያቄ ስለ ነበረ በሳቅ ላልፈው አልቻልሁም። ከዚህ ሌላም ምክንያት ነበረኝ። የ13 ዓመት ወንድ ልጄ ትምህርት ቤት በተዘጋባቸው በእነዚያ የክረምት ወራት ከዚያች የቆርቆሮ ክፍል አይወጣም ነበር። እጁ ሥራ መልመዱን፣ ከስልኩ መላቀቁን፣ ከአንድ አዋቂ ሽማግሌ ጎን ተቀምጦ ዝም ብሎ መመልከቱን እወደዋለሁ። እነዚህን ነገሮች በገንዘብ ገዝቼ ልሰጠው አልችልም። ነገር ግን የሚለምደው ሙያ ከትምባሆ ሽታ ጋር አብሮ ይለመድ ይሆን? ይህ ሐሳብ እንቅልፍ ነሣኝ። ስለዚህ በዚያች ክፍል ውስጥ የሚሠራውን ሁሉ ከሥር ከመሠረቱ ለማወቅ ወሰንሁ። አላውቅም ብዬ ቆሜ ከመቆጣት አውቄ መናገር ይሻለኛል።

ለጋሼ የሰጠኋቸው መልስ ጎመን ዘር አይሆንም የሚል ነበር። ምጣድ ሸክላ ነው፤ በእሳት ተተኩሶ የተወለደ ስለሆነ ቅባቱ እስኪደርቅና እስኪጠቁር ድረስ ብናግለው አይጎዳም። እንጨት ግን እንደዚያ ከጋለ ራሱ ይነዳል። ሙቀቱን ከቀነስን ደግሞ ቅባቱ ሳይደርቅ ይቀርና ትምባሆው ሲለኮስ አብሮ ይጨሳል። የጎመን ዘር ጢስ ምን ያህል ዓይን እንደሚያስለቅስ ለዚህ ዓምድ አንባብያት መንገር አያስፈልገኝም። ጋሼ አዳምጠውኝ «ልክ ነሽ፤ ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው» ብለው ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። ከዚያ ቀን ወዲህ በየምሽቱ ከሥራ ስመለስ የደረሱበትን ያሳዩኝ ጀመር።

በመጀመሪያ ስለ እንጨቱ። በዓለም ላይ ስመ ጥሩ የሆነው የፒፓ እንጨት በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያ ከሚበቅል ቁጥቋጦ የሚገኝ ነው። ከግንዱና ከሥሩ መካከል የሚያብጠው ጉጥ ተቆፍሮ ይወጣል፤ ለብዙ ሰዓታት ይቀቀላል፤ ከዚያም በጥላ ለወራት ይደርቃል። በፈረንሳይ አገር በዡራ ተራሮች የምትገኘው የሴን ክሎድ ከተማ ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ የታወቀችው በዚህ ሥራ ነው። እኔን ያስገረመኝ ግን የቁጥቋጦው ማንነት ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ኤሪካ አርቦሪያ የሚባለው ይህ ተክል እኛ አስታ የምንለው ነው። በሰሜን ተራሮች፣ በባሌ፣ በመንዝ ጓሳ ያለው ያው የራሳችን አስታ! ጋሼ ይህን ስነግራቸው ዓይናቸው በራ። እኔም ወዲያው አስጠነቀቅኋቸው፤ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978፣ የባሌ ተራሮች ደግሞ በ2023 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ናቸው፤ ጉጥ ለማውጣት ሥር መቆፈር ተክሉን መግደል ነው። ለአንዲት ፒፓ ተብሎ ተራራ አይራቆትም። «እኔ ወይራዬ ይበቃኛል» አሉ፣ ትንሽ ቅር እንደተሰኙ።

ወይራም ቢሆን ለዚህ ሥራ የማይናቅ እንጨት ነው፤ በአውሮፓ የሚገኘው ዘመዱም ለፒፓ ይጠረባል። ጠጣር ነው፤ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ እሳትን ይታገሣል። የጋሼ ጉቶ ደግሞ ጫፍና ጫፉ ሰም ተቀብቶ፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ 5 ዓመት የቆየ ነው። ሰሙ የሚቀባው እርጥበቱ በጫፎቹ በኩል በድንገት ወጥቶ እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ነው። እግረ መንገዴን ግን አንድ ነገር ላሳስብ። ያገኙትን እንጨት ሁሉ እየጠረቡ ወደ አፍ የሚያስገቡ ሰዎች አሉ። እንደ ቁልቋልና ቅንጭብ ያሉ ወተታቸው ቆዳና ዓይን የሚያቃጥል ተክሎች፣ እንዲሁም ምስጥ እንዳይበላቸው መድኃኒት የተነከሩ የምሰሶና የግንባታ እንጨቶች ለፒፓ ቀርቶ ለማማሰያም አይሆኑም።

አሁን ወደ ውስጡ እንግባ። ትምባሆው የሚሞላበት ጎድጓዳ ስፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ጥልቀቱ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ዙሪያውን የቀረው ግድግዳ ከ7 ሚሊ ሜትር ባያንስ ይመረጣል፤ ከሳሳ እጅ ያቃጥላል፣ ሲብስም እሳቱ ውስጥ ለውስጥ በልቶት በጎን ይበሳል። ጢሱ ወደ አፍ የሚሄድበት ቀዳዳ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ሆኖ ከጎድጓዳው ወለል እምብርት ላይ መውጣት አለበት። ጋሼ በዚህ ነጥብ ላይ እንደ መምህር ናቸው። ቀዳዳው ከወለሉ ከፍ ካለ ከሥሩ ያለው ትምባሆ ሳይነድ እየረጠበ ይቀራል፤ ዝቅ ካለ ደግሞ ወለሉ ይሳሳል። ለልጄ ሲያስረዱ ከመሰርሰሪያው ጫፍ ላይ በጥቁር ክር ምልክት አስረው «ክሩ እንጨቱን ሲነካ አቁም፤ ዓይንህን አትመን፣ ክሩን እመን» ይሉት ነበር።

ከተሰረሰረ በኋላ ማለስለስ ይከተላል። ጣት በሚያህል ክብ እንጨት ላይ ብርጭቆ ወረቀት ተጠቅልሎ በጎድጓዳው ውስጥ ይሽከረከራል፤ መጀመሪያ ሸካራው፣ ቀጥሎ መካከለኛው፣ በመጨረሻ ደቃቁ። የመሰርሰሪያው ክብ ክብ ጭረት መጥፋት አለበት፤ በጭረቱ ውስጥ እሳት ይሸሸጋልና። ይሁን እንጂ እንደ መስተዋት እስኪያበራ ድረስም አይለሰልስም፤ ኋላ የሚቀባው ነገር የሚይዝበት ጥቂት ሸካራነት ይፈልጋል። ይህንን ሥራ ለልጄ ሰጡት። ለሦስት ከሰዓት በኋላ አሽከረከረው። እኔ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አፍና አፍንጫውን እንዲሸፍን። ደቃቅ የእንጨት ብናኝ ለአፍንጫና ለሳንባ ጠንቅ መሆኑ የተረጋገጠ ነው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና በገባ ጊዜ የተገዛ የአፍ መሸፈኛ አሁንም በየመሳቢያችን አለ፤ አወጣሁለት። ጋሼንም «እርስዎም ያድርጉ» ብላቸው «እኔ በዚህ ዕድሜዬ?» ብለው ሳቁ፤ ግን ልጁ ፊት አደረጉት።

ቀጥሎ የሚመጣው ፈተና የማሳመር ፈተና ነው። አናጢ የሠራውን ሁሉ ማብራት ይወዳል፤ ቫርኒሽ እጁ ላይ ነው፤ ብሩሹ ውጭውን ከጨረሰ በኋላ ወደ ውስጥ ለመግባት አንድ ስንዝር እንኳ አይቀረውም። በመሥሪያ ቤታችን አንዲት የሥራ ጓደኛዬ ለባልዋ ከአንድ የስጦታ ዕቃ መሸጫ በእጅ የተሠራ ፒፓ ገዝታ ነበር። ውጭውም ውስጡም ያብለጨልጫል። ሰውየው በለኮሰው ጊዜ ቤቱ የቀለም ፋብሪካ ሸተተ፤ ጉሮሮው ለሁለት ቀን ከረከረው። ጓደኛዬ ፒፓውን በላስቲክ ጠቅልላ አመጣችልኝና ለጋሼ አሳየኋቸው። ገና አሽትተው «ውስጡ ቫርኒሽ ነው» አሉ። እሳት የሚነካው ቦታ ላይ ቫርኒሽ፣ ቀለም፣ ማንጸባረቂያ ዘይት ፈጽሞ አይቀባም። ውጭው ሲቀባ እንኳ ጎድጓዳው በጨርቅ ወይም በቡሽ ይወተፋል። «ፍቄ ባወጣውም በእንጨቱ የጠጣው ይቀራል፤ መደርደሪያ ላይ ጌጥ ይሁንላቸው» ብለው መለሱላት። የራሳቸውን ፒፓ ውጭ በንጹሕ ሰም ብቻ አሹት፤ ከዚያ የሚበልጥ ድምቀትም አላስፈለገው።

እንግዲህ ውስጡ ምን ይደረግለት? በዚህ ላይ ባለሙያዎቹ ራሳቸው አይስማሙም። ገሚሶቹ እርቃኑን ተዉት ይላሉ፤ ባለቤቱ ቀስ እያለ ሲያጨስበት ከትምባሆው የሚወጣው ጥላት በግድግዳው ላይ ተጋግሮ ራሱ ሽፋን ይሆነዋል። ብዙ ፋብሪካዎች ግን ከሰል የተቀላቀለበት ሽፋን ቀብተው ይሸጣሉ፤ አንዳንዶቹም ሶዲየም ሲሊኬት የሚባለውን፣ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ የሚጠጥር ፈሳሽ ይጨምሩበታል። በቤት የሚሠሩ ደግሞ ከየማጀታቸው የሚገኘውን ይሞክራሉ፤ ማር፣ የግራር ሙጫ፣ የረጋ ወተት። ጋሼ የመረጡት የመጨረሻውን ነው። እርጎው ከእኔ ማጀት ወጣ።

አሠራሩን ላስረዳ። በጨርቅ የተነፋ ደቃቅ የከሰል ዱቄት በአንድ የሻይ ማንኪያ እርጎ ይለወሳል፤ ቅቤው ወጥቶ ቢሆን ይሻላል። ውፍረቱ እንደ ጫማ ቀለም ሲሆን ይበቃል። ከመቀባቱ በፊት ጥጥ የተጠቀለለበት ቀጭን ሽቦ በጢሱ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፤ ይህ ካልተደረገ ልውሱ ቀዳዳውን ይደፍነውና ያ ሁሉ ድካም ከንቱ ይሆናል። ከዚያ በጣት በስሱ ይቀባል። በስሱ! ወፍራም ከሆነ ሲደርቅ ይሰነጣጠቅና ቅርፊቱ ይወድቃል። አፉ ጠርዝ ላይ የተረፈው በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ከዚያ ፀሐይ በማይነካው መደርደሪያ ላይ ሳምንት ይቆያል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ጎምዘዝ ያለ ሽታ ነበረው፤ ኋላ ጠፋ። በሳምንቱ ጣቴን አስገብቼ ዳሰስሁት፤ ደረቅ፣ ጥቁር፣ ለስለስ ያለ ነበር። እውነቱን ለመናገር በደንብ የተሟሸ ምጣድ መሰለኝ። የወተቱ ገንቢ ነገር ሲደርቅ ከሰሉን እንደ ኮላ አጣብቆ ይይዘዋል። ከዱሮ ጀምሮ ከወተት ሙጫ ሲሠራ የኖረውም በዚሁ ጠባዩ ነው።

ሁሉም ዓይነት ፒፓ ግን ይህ አያስፈልገውም። በቱርክ አገር በኤስኪሸሂር አካባቢ ከመሬት ተቆፍሮ ከሚወጣው ነጭ ቀላል ድንጋይ የሚጠረበው ፒፓ ውስጡ ምንም አይቀባም፤ ድንጋይ ስለሆነ አይነድም። የእኛው ጋያም እንዲሁ ነው። ፒፓ የፈረንጅ ዕቃ ነው ብለን እንዳንመጻደቅ አያቶቻችን ጋያ ነበራቸው። ራሱ ሸክላ፣ ውኃ መያዣው ቅል፣ መሳቢያው መቃ ነው፤ በአንዳንድ የአገራችን ክፍሎች ሴቶችም ያጨሱበታል። አፄ ዮሐንስ ፬ኛ ትምባሆን አጥብቀው ከልክለው እንደ ነበር በታሪክ ይነገራል፤ ጋያው ግን አልጠፋም። የተተኮሰ ሸክላ ስለሆነ እሳቱን ብቻውን ይችለዋል። ከእንጨት የተሠራው ብቻ ነው ራሱ እንዳይቃጠል ጋሻ የሚሻው።

ጋሻ ያልሁት ቃል ላይ ትንሽ መቆየት እወዳለሁ። ምክንያቱም ጋሼና እኔ የተከራከርነው በዚህ ላይ ነው። ምጣዱን የማሟሸው ለሚበላው ሰው ስል ነው፤ እንጀራው አመድና አፈር ሳይነካው እንዲነሣ። እንስራውን የማጥነው ለጠጪው ስል ነው። የፒፓው ሽፋን ግን ለማን ነው? ለእንጨቱ ነው። እሳቱ እንጨቱን እንዳይበላው ይከላከላል፤ አጫሹን ከምንም አይከላከለውም። አንድ ቀን ጋሼ ሽፋኑን እያሳዩኝ «እይ፣ አሁን ጢሱ ንጹሕ ነው የሚሆነው» ሲሉኝ ይህንኑ ነገርኋቸው። ጣዕሙ ይሻል ይሆናል፤ መርዙ ግን ከትምባሆው እንጂ ከእንጨቱ አይደለም።

«ፒፓ እኮ እንደ ሲጃራ ወደ ውስጥ አይሳብም» አሉ።

«ጋሼ፣ አይሳብ። በከንፈር፣ በምላስና በጉሮሮ ላይ ካንሰር ለማምጣት ግን ወደ ሳንባ መውረድ አያስፈልገውም» አልኋቸው። ሐኪሞች የሚሉት ይህንን ነው፤ ከዚህም በላይ የሳንባ ካንሰርና የልብ በሽታ ለፒፓ አጫሾችም አይቀርላቸውም። ጋያ ውኃ ውስጥ ያልፋል፣ ፒፓ በከሰል ተለስኗል፣ ሲጃራው ማጣሪያ አለው እየተባለ ሁሉም የየራሱን መጽናኛ ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ትምባሆ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ይገድላል፤ ከእነዚህም ውስጥ ከ1 ሚሊዮን የሚበልጡት ራሳቸው ሳያጨሱ የሌላውን ጢስ የተነፈሱ ናቸው። እነዚህ የኋለኞቹ እነማን እንደሆኑ እኛ እናቶች መገመት አያቅተንም። በእቅፍ ያለ ሕፃን ክፍሉን ለቅቆ ሊወጣ አይችልም። ነፍሰ ጡርዋ የምትስበው ጢስ የልጁን ክብደት ይቀንሳል። አስም ያለበት ልጅ ሌሊቱን ሲያጓራ የሚያድረው ማን ዘንድ ነው? እኛ ሴቶች የማጀቱ የእንጨትና የኩበት ጢስ ያሳለፈብንን እናውቃለን፤ ሌላ ጢስ እንድንጨምርበት የሚያስገድደን የለም።

ጋሼ በዚያን ቀን ብዙ አልመለሱልኝም። ሽማግሌ ሰው በወንድሙ ልጅ ሲገሠጽ ደስ አይለውም፤ እኔም ድምፄን አላነሣሁም። ነገር ግን በማግስቱ ከክፍላቸው ውጭ፣ ከግንቡ አጠገብ አንድ በርጩማ አኑረው አየሁ።

በሥራ ቦታና ሕዝብ በሚሰበሰብበት ዝግ ቤት ውስጥ ማጨስ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 ተከልክሏል። አዋጁ የመኖሪያ ቤታችንን ደፍ ግን አያልፍም፤ እዚያ ደንብ የምናወጣው እኛው ነን። በእኛ ቤት የወጣው ደንብ እንዲህ ነው። ፒፓው የሚለኮሰው ከግንቡ አጠገብ ባለው በርጩማ ላይ ብቻ ነው፤ ዝናብ ቢዘንብም ወደ ውስጥ አይገባም። በሚለኮስበት ሰዓት ልጆች አጠገብ አይቆሙም። ትምባሆው ልጆች በማይደርሱበት ሣጥን ውስጥ ይቆለፋል። ልጄ እንጨቱን ይሰረስራል፣ ያለሰልሳል፣ ይለስናል፤ የመጀመሪያው እሳት ሲገባ ግን በቦታው አይኖርም። ይህንን የመጨረሻውን ነጥብ ያነሡት እኔ ሳልሆን ጋሼ ራሳቸው ናቸው። «የእጁ ሥራ እሳት ሲነካው ማየት ያምረዋል፤ ካየው ደግሞ ሊቀምሰው ያምረዋል» አሉ። በስንት ዓመታቸው እንደ ጀመሩ ጠየቅኋቸው። በ14 ዓመታቸው፣ የእንጨት ሥራ ያስተማሯቸው ሰውዬ ፒፓ ሲለኩሱላቸው ነው።

የመጀመሪያውን እሳት ለብቻቸው አገቡበት። አዲስ ፒፓ በአንድ ጊዜ አይሞላም፤ በመጀመሪያ ሲሶውን፣ ከቀናት በኋላ እኩሌታውን፣ ኋላም ሙሉውን ነው። ቶሎ ቶሎ ከተሳበ ይግልና ሽፋኑን ይልጠዋል። ከተጨሰበት በኋላ ቢያንስ ለአንድ ቀን ያርፋል። ውስጡ የሚጋገረው ጥላትም ከ1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ጥቂት ካለፈ ይፋቃል፤ ጥላትና እንጨት ሲግሉ እኩል ስለማይለጠጡ የወፈረው ጥላት እንጨቱን ይሰነጥቀዋል። ያች የቀድሞዋ ፒፓም የተሰነጠቀችው በዚሁ ምክንያት መሆኑን ጋሼ አምነዋል። ፒፓ ማረፍ አለበት የሚለው ደንብ እኔን ተስማምቶኛል። ሁለተኛ ፒፓ እስካልሠሩ ድረስ በየሁለት ቀኑ አንዴ ብቻ ነው የሚያጨሱት። ሁለተኛውን ሊጀምሩ እንጨት ሲመርጡ አይቼ ዝም አላልሁም። ከጉቶው የተረፈው ትልቁ ቁራጭ ለምን እንደሚሆን አስቀድሜ ተናገርሁ፤ ለቡና ሙቀጫ ነው። የእኔ ሙቀጫ አፉ ከተተረተረ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ሙቀጫውን ልጄ ጠረበው። ጎድጓዳው ከፒፓው እጅግ የሰፋ ቢሆንም ሥራው አንድ ነው፤ ያው ክር የታሰረበት መሰርሰሪያ፣ ያው መሮ፣ ያው ብርጭቆ ወረቀት። በጨረሰ ጊዜ «ውስጡን ምን ልቀባው?» ብሎ ጋሼን ጠየቃቸው። እርሳቸውም ወደ እኔ አመለከቱት። ምንም አይቀባም አልሁት። አንድ ጣሳ ገብስ አምጥቼ ወቅጦ እንዲደፋው አደረግሁ፤ ዱቄቱ በመጀመሪያው ቡናማ፣ በሁለተኛው ግራጫ ሆኖ ወጣ። በሦስተኛው ጥርት ብሎ ነጣ፤ ጋሼ በጣታቸው ቆንጥረው ቀመሱትና «አሁን ቡናውን ቁዪ» አሉኝ።